የእማማ አበዛሽ ጸሎትና የካቦው ማርሊን

መኪናው በተቃራኒው አቅጣጫ ሲታጠፍ ሩቲ ደነገጠች። ከሰፈራቸው ከግሪን ቫሊ ራንች ኤርፖርት ማለት እኮ እዚህ ጋ ነው፣ ዓይን ተጨፍኖ የሚደረስበት። አባቷ ግዛው ግን የምትነዳውን እናቷን፣ እታለምን፣ "እስቲ በሃቫና መንገድ በኩል ዙሪ" አላት።

"ዳዲ፣ ኖ። ፕሊስ። ፍላይታችንስ?"

"እማማ አበዛሽን ሳንሰናበት አገር ለቀን? ኋላ ማን ይችላቸዋል? ቁጭ አንልም፣ በር ላይ ብቻ።"

በር ላይ ብቻ። ሩቲ ይቺን "በር ላይ ብቻ" ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ምሳም እራትም ተበልቶባታል።

ነገሩ የጀመረው ግዛው በሆቴልና በኤርፖርት መሀል በሚነዳው ሸትል ነው። ከሜክሲኮ፣ ከካቦ የሚመለሱ ዓሣ አጥማጆች የማጥመጃ ዘንጋቸውን ረጅም ቱቦ ይዘው ይገቡና ስለ ማርሊን ያወሩለታል፤ አፉ እንደ ጦር የሾለ፣ ከሰው የሚረዝም፣ ከባሕሩ ዘሎ አየር ላይ የሚጨፍር ዓሣ። እሱ እቤት መጥቶ ሲያወራ ሩቲ አበደች። በቃ አበደች። ካቦ ውስጥ በጀልባው ዓሣ የሚያስጠምድ የአንድ ካፒቴን የኢንተርኔት ገጽ በየቀኑ ታነባለች፤ ትናንት ሁለት ስትራይፕድ፣ አንድ ብሉ ማርሊን፣ ሁሉም ተለቀዋል፣ ውሃው ሞቃት፣ ነፋሱ ለስላሳ። በስንት ልመና ዳዲ ጀልባ ቡክ አደረገ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ካፒቴኑ ቴክስት ላከ፦ ማዕበል እየመጣ ነው፣ ከነገ ጠዋት በኋላ ወደቡ ይዘጋል፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ካልወጣን የለም። አባትና ልጅ እየተራወጡ በረራቸውን ወደ ዛሬ ቀየሩ። ይሄ ካመለጠ ማርሊን የለም ማለት ነው።

ቤተሰቡ እንደ እናት የሚያያቸው እማማ አበዛሽ ቤት፣ እርግጥ ነው፣ ተቀመጡ። ፍርፍር ቀረበ።

"ዓሣ ፍለጋ ሜክሲኮ ድረስ?" አሉ እማማ። "እዚህ ጠፍቶ ነው?"

"ይሄኛውን አንበላውም እማማ" አለ ግዛው። "ይዘን እንለቀዋለን።"

የእማማ ጉርሻ አየር ላይ ቆመ። "ትለቁታላችሁ?"

"እኔስ ምን ስል ከረምኩ" አለች እታለም፣ በስንት ጊዜዋ ምስክር እንዳገኘ ሰው።

"ታዲያ ሲጀመር ለምን ትይዙታላችሁ?"

"ሶ ቢውቲፉል ነዋ እማማ" አለች ሩቲ። "ፎቶ እናነሳዋለን፣ ከዛ ይሄዳል።"

"ፎቶ ከሆነማ እዛ ስልክሽ ላይ ሞልቶልሽ የለ እንዴ የኔ ልጅ።"

ከዚያ እማማ ተነሱ። "በሉ፣ በጸሎት ልሸኛችሁ።" ሩቲ ተንፈስ አለች፤ ጸሎት ከመጣ መሄድ ደረሰ ማለት ነው።

እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ለአውሮፕላኑ ጸለዩ። ለፓይለቱ። ለፓይለቱ ቤተሰብ። ትንፋሽ ሲወስዱ ሩቲ ዕድሏን አየች። ጸሎት በአሜን አይደል የሚያልቀው? "አሜን" አለች ጮክ ብላ። እማማ ግን በአሜኑ ተቀጣጠሉ፣ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ባሕሩ ውስጥ ገቡ። "አሜን" ብላ ደገመች ሩቲ። ከባሕሩ ወጥተው ወደ ሜክሲኮ መንግሥት ተሻገሩ። "አሜን፣ አሜን።" ይሄኔ እጃቸውን አናቷ ላይ ጭነው "ይህቺን የጸሎት ልጅ" ብለው እንደ አዲስ ጀመሩ።

እታለም በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። "ዝም በይ" አለቻት በሹክሹክታ። "አንቺ እኮ ነሽ የምታስረዝሚያቸው።"

ሩቲ ከንፈሯን ነከሰች። እማማም ብዙ ሳይቆዩ ጨረሱ።

ኤርፖርት ሲደርሱ፣ ልትሸኛቸው አብራ የገባችው እታለም ሻንጣ ይዛ ከኋላቸው እየሮጠች ነበር። ሻንጣ መቀበያው ላይ ያለችው ሠራተኛ ሰዓቷን አየች፣ ግዛው የተሸከመውን የዘንግ ቱቦ አየች። በእጅ የሚያዘውን ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፣ ይሄ ግን በካርጎ ነው የሚጫነው፣ የመጫኛው ሰዓት ደግሞ አልፏል አለቻቸው።

ግዛው ቱቦውን አቀፈው። ዘንጉን ከገዛው ቆይቷል፤ ጋራዥ ውስጥ ሲወለውለው ይውላል እንጂ ውሃ ነክቶ አያውቅም። "ታዲያ ነገ እንሄዳለና" አለ።

ሩቲ ሲብስባት አማርኛዋ ይጠራል። "ነገ ስንደርስ ወደቡ ዝግ ነው። ጀልባው ላይ ዘንግ አለ፣ ሁልጊዜም አለ፣ ካፒቴኑ የጻፈውን አሳይቼሃለሁ።"

"የሰው ዘንግ ነዋ።"

"ማርሊኑ የማን እንደሆነ አይጠይቅም ዳዲ።"

ግዛው ቱቦውን አየ፣ ልጁን አየ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያቀብል ሰው፣ ለእታለም ሰጣት። "እንዳይጋጭብኝ።"

"ዓሣው አይበላ፣ ዘንጉ አይሄድ" አለች እታለም በክንዷ ይዛው። "ሂዱ በቃ፣ ከፊቴ ጥፉ።"

ሩቲ የአባቷን እጅጌ ጎትታ ሮጠች። እሱ ወደ ኋላ ይዞራል፣ እሷ ትጎትታለች። የአውሮፕላኑ በር ሊዘጋ ሲል ገቡና ወንበራቸው ላይ ተዘረገፉ።

"እናትሽ አጋድማው ይሆን? መጋደም የለበትም እኮ" አለ ግዛው።

"ዳዲ" አለች ሩቲ ዓይኗን ጨፍና። "ቀበቶህን እሰር።"