እስከ መጨረሻዋ ቤት

«ሰው ምን ይላል?» አለች አክስትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ለቀስተኛው ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ። «አባቷ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። እሷ መፍቻ ይዛ ልትወጣ ነው።»

ልጅየዋ በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ የሥራ ጫማዋን ክር ታስራለች። ከጎረቤት በተሰበሰቡት ወንበሮች ላይ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዳንዱ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀርቷል፤ አንዳንዱ ያልሰማ መስሎ መሬት መሬቱን ያያል።

«ለሌላ ቀን ቢተላለፍስ?» አሉ ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ።

«አይተላለፍም፣ አባባ። መሥሪያ ቤቱ ቀኑን የቆረጠው ከሁለት ወር በፊት ነው። የአባቴ ቫልቭ ዛሬ ካልተሞከረ የላይኛውን ሰፈር ከመስመሩ አውጥተው በቦቴ ሊያጠጡት ወስነዋል።»

«ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ቀጠሮ አክብሮ አያውቅም» አለች አክስት። «ለሞቱ ብቻ ተጣደፈ።»

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቅ አመለጣቸውና አፋቸውን ያዙ። ከግድግዳው ሥር ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው እናት ግን ቀና አለች። ከቀብሩ ወዲህ ከሰው ጋር ብዙ አልተነጋገረችም ነበር።

«ሂጂ» አለቻት ልጇን። «እዚህ ተቀምጠሽ ብታለቅሺ አባትሽ አይሰማሽም። ሂጂና ሥራውን ጨርሺለት።» ከዚያ ወደ አክስት ዞረች። «አንቺም የቤትሽን ቁልፍ ይዘሽ ተነሺ። የመጨረሻዋ ቤት ያንቺ ናት፤ አንቺ ካልከፈትሽ ውሃው በምን ይለካል?»

አክስት ቁልፏን ከመቀነቷ ፈልጋ ተነሣች።

*

ሟቹ የውሃ መሥሪያ ቤቱ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ብረት ሲቆርጥና ሲሞርድ ሠላሳ አራት ዓመት ኖሯል። ከተማው ዳገት ላይ የተሠራ ነው። ውሃው ከታች በፓምፕ እየተገፋ ይወጣል፤ የታችኛው ሰፈር ቧንቧ ሲከፈት እንደ እብድ ይፈነጥቃል፤ የላይኛው ሰፈር ሲደርስ ትንፋሹ ያልቃል። ሁሉም ይህን የተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ተቀብሎት ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቀን እህቱን ወደ ላይኛው ሰፈር ከሚያወጡት መቶ አሥራ አራት ደረጃዎች መካከል ተቀምጣ አገኛት። ጀሪካኗ ተንከባሎ ውሃው ወርዷል። ጉልበቷን እያሸች ቀና ብላ አየችውና፣ «ቧንቧስ ነበረኝ» አለችው። «ለጌጥ ነው የማስቀምጠው።»

እሱ አልሳቀም። ጀሪካኑን ሞልቶ አደረሰላትና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ሲያስብ ኖረ፤ ግፊቱ ቢበረታም ቢደክምም ሁልጊዜ ያንኑ ያህል ውሃ የሚያሳልፍ ቫልቭ።

ልጁ እዚያው መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ከአጠገቡ መሥራት ስትጀምር፣ በጣት የሚያዝ የነሐስ ቁራጭ አሳያት። ውስጡ ቀለበት የመሰለ ወፍራም ጎማ አለ።

«በር ላይ የሚጋፋ ሰው ሲበዛ በሩን ታጠብቢያለሽ» አላት። «ሲያንስ ትከፍቺዋለሽ። የሚያልፈው ሰው ቁጥሩ ያው ነው። ይህ ጎማ በር ጠባቂ ማለት ነው። ውሃው ሲገፋው ይጨመቅና ቀዳዳው ይጠባል፤ ሲተወው ይለቅና ይሰፋል። ደግሞ ጉቦ አይበላም።»

የመጀመሪያው ሙከራ ግን አዋረደው። ጎማው በሳምንቱ አብጦ የታችኛውን ሰፈር ውሃ ጭራሽ ዘጋው። ሰዎች የመሥሪያ ቤቱ በር ድረስ መጥተው ጮኹበት። ከመካከላቸው አንዱ «ጋሽ እኩል፣ እኩል አስጠማኸን!» አለው፤ ስሙም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸና። እሱ ማታ ራት ላይ ይህንኑ ለሚስቱ እየነገረ፣ «ከዚህ የተሻለ ስም ማን ያወጣልኛል?» አለ። በማግስቱ ሌላ ጎማ ይቆርጥ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓይነት ጎማ ሞከረ። በሠላሳ አንደኛው ተሳካለት።

አርባ ቫልቮች ሠራ። ሃያ ዘጠኙን በየቤቱ ቆጣሪ ላይ በገዛ እጁ ገጠመ። ሠላሳኛውን ሊገጥም መሣሪያውን ሲሰበስብ ልቡ ቆመ።

*

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ አክስት ግቢ ውስጥ ቆመው ነበር። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ደንቡ ቀላል ነው። የየቤቱ ቧንቧ ሁሉ ተከፍቶ፣ በመጀመሪያዋና በመጨረሻዋ ቤት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በአንድ ጊዜ ይቀዳል። ሁለቱም በሁለት ደቂቃ ገደማ መሙላት አለባቸው፤ ልዩነታቸው ከአሥር ሴኮንድ ከበለጠ አልተሳካም ይባላል።

«ጀምር» አሉ መሐንዲሱ በስልክ፣ ታች ለሚጠብቀው ቧንቧ ሠራተኛ።

አክስት ቧንቧዋን ከፈተች። ጣት የማታህል ውሃ ወጣች፤ ቀጠነች፤ ከዚያ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረች።

መሐንዲሱ ብዕራቸውን አወጡ።

«አዝናለሁ» አሉ። «አባትሽን አከብረው ነበር።»

ልጅየዋ ዓይኗን ከቧንቧው አላነሣችም። የአባቷን ሥራ ታውቃለች፤ ሁሉንም ቫልቮች ከእሱ ጋር አንድ በአንድ ፈትሻለች። የማታውቀው ለቅሶ በተቀመጠችባቸው ቀናት ሌሎች የገጠሟቸውን አሥራ አንዱን ነው።

«አንድ ሰዓት ይስጡኝ» አለች።

«የእኔ ልጅ፣ ሌላ ሥራ አለብኝ።»

ይህን ጊዜ አክስት ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። «ስድስት ዓመት ለጠበቀ ሰው አንድ ሰዓት ምን አላት?» አለች። «ደግሞ እርስዎ ሲወርዱ ነው ደረጃው የሚቀልዎት፤ እኔ ጀሪካን ይዤ ነው የምወጣው። ይቀመጡ፣ ወንበር አለ።»

መሐንዲሱ ተቀመጡ።

ልጅየዋ ቁልቁል ሮጠች። በየቆጣሪው እየተንበረከከች የመፍቻዋን ጫፍ ቫልቩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። «ትክክለኛው እንደ ተኛ ሰው ይተነፍሳል» ይላት ነበር አባቷ። አንደኛው ይተነፍሳል። ሁለተኛውም። ሰባተኛው ቤት ስትደርስ ግን ቫልቩ እንደ ተቆጣ እባብ ያፏጫል። ውሃ ዘግታ ፈታችው። ተገልብጦ ነበር የተገጠመው። ጎማው ዞሮ ስለተቀመጠ የመጣውን ሁሉ እዚያው ቤት እያሳለፈ፣ ለላይኛው ሰፈር አያስተርፍም ነበር።

«የቫልቩ ቀስት ዋናውን መስመር የሚያሳይ መስሎኝ ነው» አለ ከታች ደርሶ ያገኛት፣ ቫልቩን የገጠመው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ፊቱ ጠቁሮ። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«ይቅርታውን ኋላ። ያንን መፍቻ አቀብለኝ።»

አምስት አገኙ። አምስቱንም ፈትተው አዞሩ። ቅባትና ዝገት እስከ ክርኗ ደረሰ፤ ከአንዱ የቆጣሪ ጉድጓድ ስትወጣ የሐዘን ቀሚሷ ጭቃ ለብሶ ነበር። የመጨረሻውን ካጠበቀች በኋላ ጆሮዋን ሰጠችው። ይተነፍሳል።

መቶ አሥራ አራቱን ደረጃ ወጥታ ስትደርስ ሰዓቱ ሊሞላ አራት ደቂቃ ቀርቶታል።

«ጀምር» አሉ መሐንዲሱ።

አክስት ቧንቧውን ከፈተች። መጀመሪያ አየር አስነጠሰው። ከዚያ ውሃው መጣ፤ ድፍን፣ ቀጥ ያለ፣ የጀሪካኑን ሆድ እንደ ከበሮ እየደለቀ። ልጅየዋ በልቧ ትቆጥራለች። ድምፁ እየወፈረ፣ እየታፈነ ሄደ፤ ውሃው አፉ ድረስ ደርሶ ገነፈለ።

«ሁለት ደቂቃ ከአራት ሴኮንድ» አሉ መሐንዲሱ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ታችስ? … ሁለት ደቂቃ።» ወረቀታቸውን አዩ። «ይደገም።»

ሦስት ጊዜ አስደገሙ። ሦስቱም ጊዜ ያው ሆነ። በሦስተኛው መሐንዲሱ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙና ተነሥተው ለልጅየዋ እጃቸውን ዘረጉላት። እጇ ቅባት መሆኑን ልታሳያቸው ብትሞክር ጨብጠው ያዙት።

«በመላው ከተማ ይገጠማል» አሉ። «አይሠራም ብዬ ተሳስቼ ነበር። በሕይወት ሳለ ብነግረው ደስ ባለኝ።»

አክስት እጇን ውሃው ሥር አድርጋ ቀርታለች። «አንተ ሰው» ትላለች ለብቻዋ፣ «አንተ ሰው፣ አደረግኸው።» ከዚያ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ሳቀች፤ ከሆዷ ሳቀች። አጥር ለአጥር ውሃ ሲወርድ፣ ባልዲ ሲንኳኳ፣ ሴቶች ሲጠራሩ ይሰማ ነበር። ዝም በሉ ያለ ሰው የለም።

*

ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። ሲመለሱ ከኋላቸው የላይኛው ሰፈር ሰው ተከትሏቸው ነበር። ቤቱ ሞልቶ፣ ወንበር አልቆ፣ ሰው በረንዳው ላይ ቆሟል። ሽማግሌው ለልጅየዋ መንገድ ሊለቁላት ተነሡ።

ልጅየዋ እናቷ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች።

«ደረሰ?» አለቻት እናቷ።

«ደረሰ፣ እማ። አክስቴ ግቢ ድረስ።»

«በስንት?»

«በሁለት ደቂቃ ከአራት ሴኮንድ።»

«አራቷ ሴኮንድ አባትሽን እንቅልፍ ትነሣው ነበር» አለች።

ከዚያ የልጇን ቀኝ እጅ ስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከፀጉሯ አንድ የፀጉር ሽቦ ነቀለች። ለሠላሳ ዓመት ማታ ማታ ለባሏ ታደርግ እንደነበረው፣ ከአውራ ጣቷ ጀምራ በጥፍሮቿ ሥር የገባውን ጥቁር ቅባት ቀስ እያለች ማውጣት ጀመረች። ትንሿ ጣት ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ አየችው፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

«ግራውን አምጪ» አለች።