የቀበቶው አዲስ ቀዳዳ

ያን ዕለት ጠዋት ገላና ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲለባብስ ቀበቶው አልደርስ አለው። ሚስቱ ዋጋዬ በቡታጋዙ እሳት ምስማር አግላ አዲስ ቀዳዳ ከፈተችለት።

«ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» አላት ሆዱን መታ መታ እያደረገ። እየሳቀ ወጣ። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ተመችቶሃል አለው። ቦርጭ ላወጣ ሰው ሐኪም ቤት ሂድ የሚል አልነበረም።

ወሩ ሳያልቅ ሞተ።

ከመሞቱ በፊት ያየው የአዲስ አበባ ሐኪም ሆዱን የሞላው ውሃ እንጂ ስብ እንዳልሆነ፣ ከጉበቱ ደም የሚያወጡት ሥሮች በረጋ ደም እንደተዘጉ ለዋጋዬ ነግሯት ነበር። ደሙ ቶሎ የሚረጋው በዘር በመጣ ችግር ስለሆነ እህቱም ትመርመር ብሏል። አማቷ አዴ ገለቴ ይህን ሲሰሙ፣ ዘር የሚለውን ቃል ሰው ፊት እንዳታነሳ ለመኗት። ለልጃቸው፣ ለገላና እህት ለራኬብ፣ ከሁሩታ ሽማግሌ ተልኮ ነበር።

ስለዚህ ለለቀስተኛው ጉበቱን ነው ተባለ። ዋጋዬ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች፣ ተደብቆ ይጠጣ ነበር ማለት ነው ሲባል ከጀርባዋ ሰማች። ገላና የአረቄ ሽታ እንኳ አይወድም ነበር። 

ራኬብ ሻይ ስታድል ግራ እግሯን ትጎትት ጀመር። ጎረቤታቸው ፈይሩዛ አስቀምጣት ቀሚሷን ገለጥ አደረገች። ባቷ አብጦ ቀልቷል።

«መቆም ነው። ቅቤ አምጡልኝ፣ ልሽልሽ» አለች ፈይሩዛ።

«እንዳትነኪያት» አለች ዋጋዬ።

ከቀብር ወዲህ ድምጿ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ፈይሩዛ እጇን ሰበሰበች።

«ገላና ጠጥቶ አልሞተም። ደሙ ረግቶ ነው። በዘር የመጣ ነው፣ ራኬብም ሊኖርባት ይችላል። አሁኑኑ ሆስፒታል ትሂድ።»

አዴ ገለቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ዋጋዬ፣ ምነው?» አሉ። ቀጥለው የልጃቸውን እግር አዩ። «ይድናል?»

«ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው፣ አዴ።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የራኬብን ጫማ ከፍራሹ ስር ፈለጉ። አንድ ሰው ባጃጅ ሊጠራ ወጣ።

ዋጋዬ ለራኬብ ጋቢ ልታመጣ መኝታ ቤት ገባች። ቀበቶው በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። የከፈተችውን ቀዳዳ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ጠርዙ እንደተቃጠለ ነው። ጋቢውን አንስታ ወጣች።

ቀበቶውን የሚታጠቀው ሰው የለም።