ጉንጭ ያልነካው ዋንዛ

የአባቴ የየሻው ዓይን እንደጠፋ የምናውቀው እናቴ፣ እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ሌላው ሁሉ ጉም ነው። የጎንደር ሰው ደግሞ ለዕውር አናጢ ሥራ አይሰጥም። ስለዚህ ከአራተኛ ክፍል አስወጣኝና ዓይኑ አደረገኝ። ተምሬስ ከዚህ የበለጠ ምን ልሆን ኖሯል?

እንጨት መምረጥ አስተማረኝ። «የዋንዛ ዳሩን ነቀዝ ይወደዋል፣ ተይው። ልቡ ቡናማ የሆነውን ያዥ። ከሁሉ በላይ ግን ጉንጭሽን አስነኪው። እርጥብ እንጨት ጉንጭ ላይ ይቀዘቅዛል፤ ኋላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።»

ጥር ላይ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ለደብራቸው የመጻሕፍት ሣጥን አዘዙ። ከሳንጃ በማኪና የመጣ ዋንዛ ወደሚራገፍበት ሄድን። አባቴ ትከሻዬን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ያየ ሁሉ «ልጁን እንዴት ቢወዳት ነው!» ይላል።

ሻጩ አያ በላቸው ገና ሲያዩኝ፣ «ደግሞ አንች ልትመርጭ ነው?» አሉ።

«እርስዎ ከሚመርጡልኝስ ጅብ ይምረጥልኝ!»

አውራጆቹ ሳቁ። አንደኛው፣ ጥርሱ ሸጋ የሆነው፣ ዓይኑን ከእኔ አልነቅል አለ። እሱ እያየኝ እንደ ላም በግንድ ልታከክ? በጣቴ ብቻ መታ መታ አድርጌ፣ ልቡ ቡናማ የሆነውን ለየሁ።

«ጉንጭሽን አስነካሽው?» አለኝ አባቴ በጆሮዬ።

«አዎ።»

ቤት ወስዶ ሲልገው እጁ ቆም አለ። «ቀዝቀዝ ይላል፣ ስንዱ።»

«የጥር ብርድ ነዋ!»

«ካልሽማ» አለና መላጉን ቀጠለ።

ለደብሩ ያስረከብነውን ሣጥን የመጋቢት ፀሐይ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። መሪጌታ አሸክመው መጡና ደጃችን ላይ አስጣሉት።

«የሻው፣ እንጨቱን የመረጠችው ይቺ ምላሷ የረዘመ ልጅህ ናት አሉ። እውነት ነው?» ወደ እኔ ዞሩ። «በይ እንግዲህ፣ ያን ምላስሽን ዛሬ አውጭው!»

ስንጥቁን በመዳፌ ሸፈንሁ።

«እሷን አይቆጧት፣ መሪጌታ» አለ አባቴ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓይኔ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ። ደብቄዎት ነው።»

መሪጌታ እጃቸውን ፊቱ ላይ አወዛወዙ። ዓይኑን አላርገበገበም። አማተቡና ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ይዞ የመጣ የለም። ሣጥኑ ላይ ዶሮዎቻችን ይሰፍሩበታል። አንድ ቀን መላጊያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ሳለ አጠገቡ ሄድሁ።

«አባዬ፣ ያን ቀን ጉንጬን አላስነካሁትም።»

«ስልገው አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

«አንች አዎ ካልሽ፣» አለ፣ «ሌላ ማንን ልጠይቅ?»