ሁለተኛው ገጽ

«አሁንስ ወጣ?» አለ ዳይሬክተሩ፣ ሳይገባ በበሩ አንገቱን ብቻ አስግጎ።

«እየወጣ ነው» አለች መዝጋቢዋ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ።

«ወላጆች ግሩፑ ላይ ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው። ፎቶ አድርጊውና ልቀቂው። ፋይሉን እንዳትልኪ፤ የአምናውን አልረሳሁም።»

ማንም አልረሳውም። አምና ውጤቱ በኤክሴል ሲላክ አንድ አባት ስድስተኛ የወጣ ልጁን ሁለተኛ አድርጎ ለዘመድ አዝማድ በትኖት ነበር። የእውነተኛው ሁለተኛ እናት ደርሳበት ትምህርት ቤቱን ቀውጢ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ የዳይሬክተሩ ሕግ አንድ ነው፤ ውጤት ከዳታቤዙ ወጥቶ ፎቶ ይሆናል፤ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በፋክስ፣ ለወላጆች በቴሌግራም። ፎቶ እንደ ፋይል አይነካካም ባይ ነው።

መዝጋቢዋ የሰባተኛ ክፍልን ሪፖርት በደረጃ አሰልፋ ወደ ፎቶ ቀየረችው። ሁለት ገጽ ወጣ። የመጀመሪያው ከአናቱ እስከ ግርጌው ጢም ብሏል። ሁለተኛው ከላይ አንድ መስመር ብቻ ይዞ የቀረው ባዶ ነው። አንድ ልጅ ከገጹ ተርፎ ለብቻው ቀርቷል። ስሙን ስታነብ ክው አለች። የወንድሟ ልጅ ነበር።

እዚህ ያመጣችው እሷ ናት። ልጁ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ደህና ተማሪ ነበር። «እኔ ያለሁበት አስገባው፤ ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቅልም» ብላ ታክሲ ነጂ ታናሽ ወንድሟን የወተወተችው እሷ፣ ክፍያው ከበደኝ ሲላት «በልጅ አይቆጠብም» ያለችውም እሷ። ዓይኗን ግን ከኮምፒውተሩ መች ነቅላ ታውቃለች! ወንድሟ ደግሞ ሰው ፊት አንገት መድፋት አይሆንለትም። ግሩፑ ላይ ከተዋረደ ልጁ ዛሬ ማታ አበሳውን ያያል።

የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ብትልክስ? «ሁለተኛ ገጽ መኖሩን አላየሁም» ብትል ማን ይከራከራታል? ልትልክ ስትል የገጹን ግርጌ አየችው። አሁን መጨረሻ ላይ ያለችው የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ልጅ ናት። ጥበቃውም ግሩፑ ውስጥ አለ፤ ጠዋት ጠዋት የልጅቷን ቦርሳ ተሸክሞ እስከ ክፍሏ በር ያደርሳታል። እሷንም ብትቆርጥ ከእሷ በላይ ያለው መጨረሻ ይሆናል። መጨረሻ የሌለው ዝርዝር የለም። መዝጋቢዋ በራሷ አፈረች።

ተነስታ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

«የሁሉንም በአንድ ላይ አልለቅም። የየልጁን ለብቻ አውጥቼ ለየወላጁ በውስጥ መስመር እልካለሁ።»

«ይሄን ሁሉ ፎቶ? ሥራ ፈትተሻል እንዴ?»

«አምሽቼ እሠራዋለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ አንጀትሽ የራራው?»

«የወንድሜ ልጅ መጨረሻ ከወጣ ወዲህ» አለች። መዋሸት ሰልችቷት ነበር፤ ገና ሳትዋሽ።

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «የአንደኛዋ አባትስ? ሰው ካላየው አንደኛ መውጣት ምን ይሠራል የሚል ሰውዬ ነው።»

«ለእሳቸው ሁለቴ እልክላቸዋለሁ።»

ሳቁ አመለጠው። «እንግዲህ ወላጅ ከጮኸ መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ሙሉውን ዝርዝር ለጽሕፈት ቤቱ ፋክስ አደረገች። ከዚያ ሪፖርቱን ልጅ በልጅ ከፋፍላ ፎቶውን ከስልክ ቁጥሩ ጋር እያመሳከረች መላክ ጀመረች። የጥበቃውንም ላከችለት። ፀሐይዋ ስትጠልቅ አንድ ብቻ ቀርቷት ነበር።

ስልኳ ጮኸ።

«እታለም፣ ለሰው ሁሉ ደረሰ አሉ፤ የእኔስ?» አለ ወንድሟ። ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

ፎቶው ፊቷ ተከፍቷል፤ የቀረው አንድ መጫን ብቻ ነው። መሪ እንደያዘ ሲያነበው፣ ከዚያም ነድቶ ቤት ሲገባ ታያት። እጇን ከኮምፒውተሩ መዳፊት ላይ አነሳች።

«የአንተን አልልክም። አትሜ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።»

«ውጤቱ ተበላሽቷል ማለት ነው?»

«አዎ፣ ተበላሽቷል። እዚህ ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እስክደርስ ልጁን አንዲት ቃል እንዳትናገረው፤ ቁጣህን ለእኔ አቆይልኝ።»