የጋቢው ቋጠሮ

አጎቴ ከፋለ የጋቢያቸውን ጫፍ ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ቋጥረው ከይምርሐነ ክርስቶስ እስከ ላሊበላ ሲጎትቱኝ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየን። ደሴ ድረስ ሄጄ የተማርኩ ጤና ረዳት እንደ ጥንቱ ከሳሽና ተከሳሽ ተቋጥሬ! ደሜ ፈላ።

«ጋሸ፣ ይፍቱኝ እንጂ! ሰው ሳቀብን እኮ» አልኳቸው።

«ዋስሽ ነኝ» አሉኝ ዞር ሳይሉ። «ዋስ ሰውየውን ካቀረበ ይለቀቃል። ካባቶቻችን ያየነው ይኸው ነው።»

ስህተታቸው እዚህ ላይ ነበር። ላሊበላ ያለው የጤና መሥሪያ ቤት የትምህርቴን ወጪ ችሎ፣ ሦስት ዓመት አገለግላለሁ ብዬ ስፈርም፣ አጎቴ ከፊርማዬ ሥር ጣታቸውን ያሳረፉት ብጠፋ ፈልገው ሊያመጡኝ እንጂ ገንዘብ ሊከፍሉ አልነበረም። ወረቀቱ ግን ሥራዋን ከተወች ዋሱ ስድስት መቶ ብር ይከፍላል ይላል። ያነበብኩላቸው እኔው ነኝ፤ ያችን መስመር ዘልዬ። ምን ይመጣል ብዬ!

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሥራውን ጥዬ ስመጣ ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ለዘመድም አይነገርም። በወሩ የቀበሌ ታጣቂዎች መጥተው ለዋስትናው መያዣ ብለው ቦራን፣ ከድርቁ የተረፈ አንድ በሬያቸውን፣ ነድተው ወሰዱት።

ስንደርስ ቦራ መሥሪያ ቤቱ ጓሮ ታስሯል። አጎቴን ሲያይ እምቧ አለ።

«ይኸው አቀረብኋት» አሉ አጎቴ ለኃላፊው ለጓድ ፈንታው። «በሬዬን ስጡኝ።»

ጓድ ፈንታው ቋጠሮውን አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጥርሱን ባረግፍለት ደስ ባለኝ።

«እሽ አባት፣ ትመለስና ትሥራ፤ በሬዎን ይውሰዱ» አለ። «ሥራው እንደሁ ቀላል ነው። ለሰፈራ የሚሄዱትን አይታ ‹ደህና ናቸው› ብላ መፈረም ነው።»

አጎቴ ወደኔ ዞሩ። «ታዲያ ይኸ ምን ይከብዳል?»

አምቄ የያዝኩት ሁሉ ገነፈለ። «ይማርሽን ያውቋት የለ፣ የአለሜን ሚስት? መውለጃዋ ደርሶ ነበር! መቆም አቅቷት ግድግዳ ይዛለች። ‹ደህና ናት ብለሽ ፈርሚ› አለኝ፣ ይሄ! እምቢ ብዬ ወጣሁ። ሌላ ጤና ረዳት ፈረመባት። የሰፈራው መኪና ላይ ሞተች፤ ልጇም አልተረፈ!»

«አፍሽን ዝጊ!» አለ ጓድ ፈንታው። ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

አጎቴ በመስኮቱ ወደ ቦራ አዩ። ሰኔ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ያለ እሱ እርሻ የለም። ቀና ሲሉ ፊታቸው ጠቁሯል። ከዚያ ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ። በመንገዱ ጉተታ ጠብቆ በጣታቸው አልፈታ ስላላቸው በጥርሳቸው ፈቱት።

«በሬውን ውሰዱት» አሉ።

«ዕዳው ስድስት መቶ ነው፤ ይሄ ከሲታ ሦስት መቶም አያወጣ» አለ ጓድ ፈንታው።

«እንግዲያ ለቀረው እኔን መኪናው ላይ ጫኑኝ» አሉ አጎቴ ጋቢያቸውን እያጣፉ። «‹ደህና ነው› ብሎ የሚፈርም አላጣችሁም።»