አረንጓዴው ካልሲ

ፊርማን ብሮሳር በአፍንጫው እንደ ርስት ይኮራበታል። ከአባቱ የወረሰው ነው፤ ቅርጹንም ሙያውንም። በሳንፎርዤ መንደር ወይን ጠጅ የሚያውቅ ከእሱ በቀር የለም ብሎ ያምናል። ክፋቱ የቀረውም ሰው ያምናል።

በየዓመቱ ጥር ላይ፣ የወይን ገበሬዎች ጠባቂ የሆነው የቅዱስ ቪንሰንት በዓል ሲቃረብ፣ እያንዳንዱ ቤት ለበዓሉ በርሜል ከወይን ጠጁ ያዋጣል። ዝም ብሎ ግን አይጨመርም። የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ጠርሙሶቹ ካልሲ ይለብሱና ይቀመሳሉ። የተመሰገነው ባለቤት በበዓሉ ቀን ከፊት ሆኖ የቅዱሱን ሐውልት ይሸከማል። የተነቀፈው ዳር ቆሞ ያያል። የብሮሳር ቤት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲሸከም ኖሯል። ጊስሌን ደግሞ ከመጣች ጀምሮ ዳር ቆማለች።

ጊስሌን ሊዮን ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ የአክስቷን ማሳ ወርሳ የመጣች ሴት ናት። ፊርማን "ሾፌሯ" ነው የሚላት። "ፍሬን መርገጥና ወይን መጥመቅ ምንና ምን ናቸው?" ይላል፣ እሷ እየሰማች።

የዘንድሮው ቅምሻ ዕለት ፊርማንን ጉንፋን ያዘው። ጠዋት ሽንኩርቱንም ሳሙናውንም አሸተተ፤ ምንም የለም። ይህን ከመናገር ግን ሞቱን ይመርጣል። ፈራ ተባ እያለ ወደ ቅምሻው አዳራሽ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ሲያይ ልቡ መለስ አለ፤ ተረከዙ በቀይ ክር የተጣፈ አረንጓዴ ካልሲ አንዱ ጠርሙስ ለብሶ ቆሟል። የገዛ ካልሲው! ዘንድሮ ጠርሙሶቹን ያለበሰችው ሚስቱ ሶላንዥ ናት።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ሶላንዤ" አለ በሆዱ።

መጀመሪያ ባለመስመር ካልሲ የለበሰው ጠርሙስ ተቀዳ። ፊርማን ተጎነጨና ባልዲው ውስጥ ተፋው።

"ይሄ እንኳን ለቅዱስ ቪንሰንት ለሰላጣ ኮምጣጤም አይሆን! የአውቶቡስ ጎማ ጎማ ይላል!"

ሰዉ ሳቀ። ጊስሌን አንገቷን ደፋች። የቅምሻው ዳኛ ሽማግሌው ኦክታቭ "እውነትም ጎማ" ብሎ ተፋ። ሌሎቹም ጎማውን አገኙት።

አረንጓዴው ሲደርስ ፊርማን ዓይኑን ጨፈነ። "አይ ወይን! የአባቶች ላብ ያለበት! የማሳው ድንጋይ ጣዕሙ ይሰማችኋል? የኮክ ፍሬውስ?"

"ድንጋዩስ ይሰማኛል" አለ ኦክታቭ።

"እኔ ኮኩ ነው የበለጠብኝ" አለ ሌላው።

"ለእኔ ወይን ወይን ነው የሚለኝ" አለች ጊስሌን። እንደገና ተሳቀባት።

ኦክታቭ ካልሲዎቹን አወለቀ። በአረንጓዴው ስር ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ስም የጊስሌን ነበር። በባለመስመሩ ስር ብሮሳር ይላል።

ፊርማን ክው አለ።

"ፊርማኔ" አለ ኦክታቭ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "መቼም አንተ አትሳሳትም። ስሞቹ ሲለጠፉ ተምታተው ነው፣ አይደል?"

አንድ ቃል ይበቃው ነበር። "አዎ" ቢል ሐውልቱ የእሱ ነው፤ ማንም ደግሞ አይጠይቅም። ዞር ሲል ጊስሌንን አያት። ካፖርቷን ለብሳ ቁልፉን እየቆለፈች ነው፤ ክርክር እንኳን አልፈለገችም። ፊርማን በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት አፍሮ አያውቅም።

"አልተምታታም" አለ። "ጉንፋን ይዞኛል፤ ምንም አይሸተኝም። እኔ የቀመስኩት ካልሲዬን ነው።"

"እንዴ! ድንጋዩስ?" አለ ኦክታቭ።

"እኔ ምን አውቃለሁ? የሰማኸው አንተ!"

ሁሉም ብርጭቆ ብርጭቆውን ማየት ጀመረ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሶላንዥ ላይ አፈጠጠባት። "ምናለ ካልሲዬን ለእኔ ጠርሙስ ብታለብሺው?"

"ያንተን ላንተ? ሌባ ነኝ እንዴ?" አለችው።

በበዓሉ ቀን ፊርማን ኮፍያውን ደፍቶ ዳር ቆመ። ጉንፋኑ ለቆታል፤ ልቡ ግን አዝኗል። ጊስሌን ከፊት ሆና፣ ሐውልቱ የቆመበትን ቃሬዛ በትከሻዋ ይዛ መጣች። እሱ ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላ ያሉት ተላተሙ።

"ፌርማታ!" ብላ ጮኸች። "የሚሳፈር አለ?"

"ኧረ ደንቡ አይፈቅድም!" አለ ኦክታቭ ከኋላ።

"አውቶቡሱን የምነዳው እኔ ነኝ። ይግቡ፣ ሙሲዬ ፊርማን፤ መንገድ ዘጋን።"

ፊርማን እንባውን በእጅጌው ጠረገና ትከሻውን ከቃሬዛው ስር አስገባ።

ሐውልቱን ካሳረፉ በኋላ ጊስሌን ከራሷ ጠርሙስ አንድ ብርጭቆ ቀድታ ሰጠችው። "ይሄ ካልሲ የለውም። እስቲ፣ ምን ምን ይላል?"

ፊርማን ረጅም ጊዜ አሸተተ። ቀመሰ። ሰዉ ሁሉ አፉን እየጠበቀ ነው።

"ወይን ወይን ይላል" አለ። ደግሞ ቀመሰና ግራ የተጋባ መሰለ። "እውነቴን ነው የምልሽ፣ የኔ ልጅ... ኮኩም አለ።"