የጉና ብርሃን

ሰዓሊ ንዋይ ፈሪ ሰው ነበር። «ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል» የሚባለው ለእሱ የተተረተ ይመስላል። የቡሄ ዕለት ማለዳ የያዘው ፍርሃት ግን የሌላ ጊዜው ዓይነት አልነበረም፤ የፈራው ለቀኝ እጁ ነው።

ጋፋት ላይ መድፍ በሚሠራበት በዚያ ዘመን፣ ደጃዝማች ሞላ ጉና ግርጌ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃኑን ሲገልጥ እንዲሥል ንዋይን አዘዙት። ከሥዕሉ ሥር ደግሞ፣ እንደ አሠሪዎች ሁሉ ልማድ፣ ራሳቸው ተደፍተው ሲማፀኑ መታየት አለባቸው። ከንዋይ በፊት የነበረው ሰዓሊ ፈንታሁን በጎን፣ በአንድ ዓይን ሥሏቸው ነበር። በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ከሓዲ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ደጃዝማች ፈረዱበት፤ ፈንታሁን ዛሬ የሚጎርሰው በግራ እጁ ነው።

ንዋይ ብርሃን ምን እንደሚመስል ልይ ብሎ በሐምሌ ጭጋግ ጉና ወጣ። አንድ ጧት ደመናው ድንገት ተከፈተና ፀሐይ ፊት ለፊት መጣችበት። የገብሱ ማሳ ጠፋ፣ ገደሉ ጠፋ፣ የገዛ እጁም አልታይ አለው። ቢጫ ብቻ፣ ከቢጫው ውስጥ ነጭ፣ ከሥር እንደ ፍም የቀላ መስመር። መሬት ላይ ተደፋ። ወርዶ ሥራውን ሲይዝ፣ ግድግዳው ላይ ፊት በጀመረ ቁጥር ብርሃኑ ይሞትበታል፤ ይፍቀዋል። በመጨረሻ ያየውን ብቻ ቀባ። የጌታ መልክ የለ፣ ሐዋርያት የሉ፣ ደጃዝማችም የሉ።

ሚስቱ አመተማርያም ስታየው ደረቷን መታች።

«ኧረ በማርያም፣ ሰው ይሣሉበት! ሌላው ቢቀር እሳቸውን!»

«እጄ እንቢ አለኝ።»

«እንግዲያስ እጅዎን ይሰናበቱት» አለችና አለቀሰች።

የፈሩት ይደርሳል፤ ቡሄ ደረሰ። ማሕሌቱ ሲያበቃ ደጃዝማች ከነአሽከሮቻቸው ሥዕሉ ፊት ቆሙ። ከጀርባቸው ያለው የምሥራቁ በር ለብርዱ ተዘግቷል። የደብሩ አለቃ ተክሌ መጋረጃውን ገለጡ። በድንግዝግዙ ከቀለም በቀር የሚታይ የለም።

«ጌታ የት አለ?» አሉ ደጃዝማች።



«እኔስ? እኔ የት ነኝ?» ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ የሚያስፈሩት ዝቅ ሲል ነው። አንዱ አሽከር ጎራዴውን ከሰገባው መዘዝ አደረገ። ንዋይ፣ ያድነው ይመስል፣ ቀኝ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።

«በሩን ክፈቱት፤ ደህና አድርጌ ልየው!»

በሩ ተበረገደ። ከጉና በላይ የወጣችው ፀሐይ ገብታ ግድግዳውን መታችው። ቢጫው ነደደ፤ ነጩ ዓይን አላስገልጥ አለ። ደጃዝማች ፊታቸውን በክንዳቸው ጋረዱ፣ ወደ ኋላ አሉ፣ ከዚያም ጉልበታቸው ታጠፈና በግንባራቸው ተደፉ።

ንዋይ እጁን ከብብቱ ሳያወጣ፣ የተጠየቀውን አሁን መለሰ።

«እዚያ ነዎት፣ ጌታዬ።»

ደጃዝማች አልተቆጡም፤ የሰሙም አይመስሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ፈንታሁን» አሉ ወደ መሬቱ። «ፈንታሁን፣ ማረኝ።» ቀና ሳይሉም ጮኹ፦ «ጋርዱት! ስለ እግዚአብሔር ጋርዱት!»

ከአሽከሮቹ ወደ ሥዕሉ ለመቅረብ የደፈረ አልነበረም። የጋረደው ንዋይ ነው፤ በቀኝ እጁ።